ስለ አሮጌ የድምፅ ቴፖችና ስለ መጠባበቂያ ቅጂዎቻቸው ፎርማት አመራረጥ፤ ከካማሺ አንጻር የቀረበ ሒስ

፩. የጥያቄው አመጣጥ

በመስክ የተቀረጸ ድምፅ ለቋንቋና ለማኅበረሰብ ጥናት የሚሰጠውን ጥቅም ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ማስረዳት አስፈላጊ አይመስለኝም። ክሩ እያረጀ ሲሄድ ድምፁ ወደ ሌላ መያዣ መገልበጥ እንዳለበትም ሁሉም ይስማማል። ክርክሩ የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው። ድምፁ በምን ዓይነት ፎርማት ይጻፍ? ከ20 ወይም ከ30 ዓመት በፊት ተገልብጠው በኮምፒዩተር መጠባበቂያ ቴፕ ላይ የተቀመጡትስ ቅጂዎች፥ እነርሱም በተራቸው ስላረጁ፥ አሁን ወዴት ይዛወሩ?

ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው የተለመደው መልስ የሚያተኩረው ቴፑ ምን ያህል ይይዛል፥ ስንት ዓመትስ ይቆያል በሚሉት ሁለት ነጥቦች ላይ ነው። እነዚህ ነጥቦች የሚናቁ አይደሉም፤ ነገር ግን የእኛን ዓይነት ስብስብ ለሚጠብቅ ሰው ዋናዎቹ መመዘኛዎች እነርሱ አይደሉም ብዬ አምናለሁ። ዋናው መመዘኛ ቴፑን የሚያነበው መኪና የት ይገኛል፥ ከመኪናው የሚወጣውን ድምፅ ሰምቶ የሚተረጉመውስ ሰው ከመኪናው ምን ያህል ይርቃል የሚለው ነው። ይህን ለማስረዳት ምሳሌ አድርጌ የወሰድሁት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሚገኘውን የካማሺን አገር ነው።

፪. ክሩ የሚሸከመው ነገር

የካማሺ ዞን ከዓባይ በስተ ደቡብ ያለ፥ አብዛኛው ቆላ የሆነ አገር ነው። በካማሺ፥ በያሶ፥ በአጋሎ ሜጢ፥ በሰዳልና በበሎ ጅጋንፎይ ወረዳዎች የደቡብ ጉሙዞች ይኖራሉ፤ ከዓባይ ማዶ በመተከል የሚኖሩት ወገኖቻቸው የሰሜኑን አነጋገር ይናገራሉ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የጉሙዝ ሕዝብ ቁጥር ወደ 160 ሺህ የሚጠጋ ነበር። ኮሊን አህላንድ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2012 ለኦሪጎን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የጉሙዝኛ ሰዋስው የሰሜኑንና የደቡቡን አነጋገር፥ ከደቡቡም በተለይ የያሶን፥ ጎን ለጎን ይመረምራል።

ጉሙዝኛ ቃና ያለው ቋንቋ ነው፤ ይኸውም የድምፁ ከፍታና ዝቅታ የቃሉን ፍች ይለያል። ከዚህም ሌላ አማርኛ የማያውቃቸው ተነባቢዎች አሉት። አማርኛ ተናጋሪ እንደ ጠ፥ ጨና ጰ ያሉትን ጠንካራ ድምፆች ከራሱ ቋንቋ ስለሚያውቃቸው በጉሙዝኛ ሲያገኛቸው አይቸገርም። አየርን ወደ ውስጥ በመሳብ የሚነገሩትን የ«ብ»ንና የ«ድ»ን ዓይነት ድምፆች ከተራዎቹ ብና ድ ለመለየት ግን ጆሮውን ማሠልጠን አለበት፤ ኦሮምኛ የሚያውቅ ሰው የሁለተኛውን ዘመድ በ«ዸ» ያገኘዋል።

እንግዲህ በዚህ ቋንቋ የተነገረ ተረት ወይም የሽማግሌዎች ዳኝነት በክር ላይ ሲያዝ ክሩ የተሸከመው ፍሬ ነገሩን ብቻ አይደለም። የመቅረጫው ባትሪ ደክሞ ሞተሩ በዝግታ ከዞረ፥ ክሩ በኋላ በትክክለኛው ፍጥነት ሲጫወት የተናጋሪው ድምፅ ሁሉ ይቀጥናል። በአንዱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለው የከፍታና የዝቅታ ዝምድና ባይጠፋም፥ አንዱን ተናጋሪ ከሌላው ጋር ማነጻጸር አስቸጋሪ ይሆናል። ደካማውን ድምፅ ራሱ እያጎላ የሚቀርጽ የካሴት መቅረጫም የተናጋሪው ድምፅ የት እንደ ጠነከረና የት እንደ ለሰለሰ የሚያሳየውን ማስረጃ ያጠፋል። ድምፁ እንደ ኤም ፒ 3 ባለው በተጨመቀ ፎርማት ሲጻፍ ደግሞ ቃናው አብዛኛውን ጊዜ ቢተርፍም፥ ተነባቢዎችን ለመለየት የሚያገለግሉት ጥቃቅን ምልክቶች ሊቀነሱ ይችላሉ።

በሙዚቃም በኩል ነገሩ እንደዚሁ ነው። በአሶሳ አካባቢ የሚኖሩት በርታዎች ዋዛ የሚባል የቅል መለከት አላቸው። እያንዳንዱ ነፊ አንድ ድምፅ ይዞ በተራው ይነፋል፤ ዜማው የሚገኘው ከሁሉም ኅብረት ነው። ይህ ጨዋታ በአንድ መሥመር ብቻ የተቀረጸ እንደ ሆነ የትኛው ድምፅ ከየትኛው ነፊ እንደ ወጣ ለመለየት አዳጋች ይሆናል፤ ፍጥነቱም ከተዛባ የመለከቶቹ ቅኝት ሐሰት ሆኖ ይመዘገባል። የፎርማት ምርጫ በቤተ መዛግብት ሳይሆን በመስክ፥ ተናጋሪው አፉን ከመክፈቱ በፊት የሚጀመር ነው የምለው ስለዚህ ነው።

፫. ሁለቱ መመሪያዎች

በዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት ሰነዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር፥ በአጭሩ ኢያሳ የሚባለው፥ ያወጣው የዲጂታል ድምፅ አዘገጃጀትና አጠባበቅ መመሪያ ነው፤ ሁለተኛው እትሙ በኬቨን ብራድሊ አዘጋጅነት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2009 ወጥቷል። ሌላው ዩኔስኮ ከዚሁ ማኅበር ጋር በ2019 የጀመረው የመግነጢሳዊ ቴፕ ማስጠንቀቂያ ነው።

የመጀመሪያው ሰነድ የሚያስመሰግነው ዘላለማዊ መያዣ የለም የሚለውን እውነት መሠረት አድርጎ መነሣቱ ነው። ድምፁ ሳይጨመቅ፥ ከ48 ኪሎኸርዝና ከ24 ቢት ባላነሰ፥ ቢቻል ግን በ96 ኪሎኸርዝ እንዲገለበጥ፤ ፋይሉም በብዙ ፕሮግራሞች በሚነበበው የዌቭ ዓይነት እንዲጻፍ ይመክራል። ከላይ ስለ ጉሙዝኛ ተነባቢዎች የተናገርሁትን ያስታወሰ አንባቢ ምክሩ ትክክል መሆኑን ያስተውላል። ለአነስተኛ ስብስቦችም ሰነዱ ለብቻው ምዕራፍ መድቦላቸዋል።

ጉድለቱ ያለው በሌላ ቦታ ነው። ሰነዱ ነገሩን ሁሉ የሚመዝነው ከቤተ መዛግብቱ ወገን ሆኖ ነው። የአነስተኛው ስብስብ ችግር ለእርሱ የገንዘብና የባለሙያ እጥረት ነው፤ ከተናጋሪዎቹ መራቅ እንደ ፎርማት ጥያቄ አልተቈጠረም። ድምፁ በትክክል ከተገለበጠና ሳይበላሽ ከተቀመጠ ሥራው እንደ ተፈጸመ ያህል ነው። ይህ አስተሳሰብ ብዙ ተናጋሪ፥ ብዙ መዝገበ ቃላትና ብዙ ምሁር ላለው ቋንቋ ይሠራ ይሆናል። የያሶን አነጋገር የያዘ ፋይል ግን በደኅና ተቀምጦም ላይነበብ ይችላል፤ የሚያስፈልገው አንባቢ ቤተ መዛግብቱ ባለበት ከተማ ላይገኝ ይችላልና።

ሁለተኛው ሰነድ የድምፅና የምስል ቴፖች ማጫወቻ መኪናዎች እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2025 ገደማ እጅግ ብርቅ እንደሚሆኑ በመግለጽ ሁሉም እንዲፈጥን ያሳስባል። ማሳሰቢያው ተገቢ ነው፤ ያም ዓመት ደርሷል። ነገር ግን ማስጠንቀቂያው ያተኰረው ድምፅና ምስል በቀጥታ በተቀረጹባቸው ቴፖች ላይ ነው። ከእነዚያ ለማዳን ተብሎ ድምፁ የተገለበጠባቸው የኮምፒዩተር ቴፖችም በተመሳሳይ በሽታ የተያዙ መሆናቸውን በቂ አድርጎ አላሳየም። አንድ ጊዜ የተገለበጠ ሁሉ ዳነ ብሎ የሚያርፍ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

፬. የየዓይነቱ ምዘና

በመጀመሪያ ስለ ጥቅል ክር። ጀርመኖች ማግኔቶፎን የተባለውን መቅረጫ በ1935 ካሳዩ በኋላ፥ ለመስክ የሚመቹት ናግራ 3 በ1958፥ ኡኸር 4000 በ1961 ወጡ። ፊሊፕስ ትንሹን ካሴት ያወጣው በ1963፥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በተመሠረተበት ዓመት ነው። (እዚህና ከዚህ በታች ስለ መኪናዎቹ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) የጥቅል ክር ፎርማቱ ከሞላ ጎደል በዓይን የሚታይ ነው፤ ስፋቱ፥ የመሥመሮቹ ቁጥርና ፍጥነቱ፥ ይኸውም በሰከንድ 19 ወይም 9.5 ሳንቲሜትር፥ ከታወቀ ሠልጣኝ ባለሙያ መኪናውን ጠግኖም ሆነ አስተካክሎ ሊያነበው ይችላል። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ከተሠሩት አንዳንዶቹ ማጣበቂያቸው እርጥበት ስቦ ይሟልጋል፤ እነርሱም ቢሆኑ በባለሙያ እጅ በመጠነኛ ሙቀት ከደረቁ ለጊዜው ሊጫወቱ ይችላሉ።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ዳት የሚባለው የዲጂታል ድምፅ ካሴት በ1987 ሲወጣ ብዙዎች የመጨረሻው መፍትሔ መስሏቸው ነበር። ሶኒ ኩባንያ ግን የዳት መኪናዎችን መሥራት በ2005 አቆመ። ከዚሁ ካሴት በ1989 የተወለደው ዲ ዲ ኤስ የተባለው የኮምፒዩተር መጠባበቂያ ቴፕም በዚያው መንገድ ሄዷል። ክሩ 4 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ስፋት ያለው ቀጭን ነው፤ የሚነበበውም በፍጥነት በሚሽከረከር ከበሮ ላይ በተተከሉ ራሶች ነው። ከበሮው ካለቀ ወይም ቴፑን የጻፈው መኪና ራሱ ትንሽ ተዛብቶ ከነበረ፥ ሌላ መኪና ሊያነበው አይችልም። በ1960ዎቹ የተቀረጸ ጥቅል ክር እየተነበበ፥ በ1995 የተጻፈ የዲ ዲ ኤስ ካሴት ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ በማዳን ሥራ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው በዕድሜ ለገፋው ሳይሆን መኪናው ቶሎ ለሚጠፋበት ነው።

ሦስተኛው ሂውሌት ፓካርድ፥ አይ ቢ ኤምና ሲጌት በኅብረት ያወጡት ኤል ቲ ኦ ነው። የመጀመሪያው ትውልድ በ2000 ሲወጣ 100 ጊጋባይት፥ ሦስተኛው በ2005 400 ጊጋባይት፥ ዘጠነኛው በ2021 18 ቴራባይት ይይዛል። ከአንድ ኩባንያ እጅ የማይወጣ ባለመሆኑ ከቀድሞዎቹ ይሻላል። ነገር ግን በየትውልዱ መካከል ያለው ዝምድና እየጠበበ ሄዷል። እስከ ሰባተኛው ትውልድ ድረስ አንድ መኪና ከራሱ በፊት የነበሩትን ሁለት ትውልዶች ያነብ ነበር፤ ስምንተኛውና ዘጠነኛው የሚያነቡት አንድ ብቻ ነው፤ በ2025 የወጣው አሥረኛው ከእርሱ በፊት የነበሩትን ጨርሶ አያነብም። በ2007 በአራተኛው ትውልድ የተጻፈን ቴፕ የሚያነቡት የአራተኛው፥ የአምስተኛውና የስድስተኛው መኪናዎች ብቻ ናቸው ማለት ነው። ቴፑ በደኅና ማከማቻ 30 ዓመት ይቆያል መባሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ መኪናው ግን ያን ያህል አይጠብቀውም።

አሁን ስለ መጠን እናስላ። በ96 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት የተጻፈ የአንድ መሥመር ድምፅ በሰዓት 1 ጊጋባይት ያህል ቦታ ይወስዳል። የ300 ሰዓት የመስክ ቅጂ፥ ይህም ለአንድ ተመራማሪ የብዙ ዓመት ድካም የሚሆን፥ በ310 ጊጋባይት ገደማ ያልቃል። ከ20 ዓመት በፊት የወጣው የሦስተኛው ትውልድ አንድ ቴፕ ይበቃዋል፤ በገበያ የሚገኝ ተራ ሃርድ ዲስክም እንዲሁ። በዘጠነኛው ትውልድ አንድ ቴፕ ላይ የዚህ ዓይነት ድምፅ ከ17,000 ሰዓት በላይ ይገባል። ስለዚህ አዲሱ ትውልድ ብዙ ይይዛል የሚለው የሻጮች ምስጋና ለእኛ ጉዳይ እምብዛም ፍሬ የለውም። ቴፑ ራሱ ርካሽ ነው፤ መኪናው ግን ብዙ ሺህ የአሜሪካ ዶላር ይጠይቃል።

፭. በክሩ ውስጥ ያለው አጻጻፍ

ፎርማት ሲባል የቴፑ ዓይነት ብቻ መስሎ የሚታያቸው አሉ። ነገር ግን በትክክለኛው መኪና የተነበበ ቴፕ እንኳ የተጻፈበት ፕሮግራም ካልታወቀ ትርጉም የሌለው የቁጥር ክምር ሆኖ ይቀራል። ብዙ የንግድ መጠባበቂያ ፕሮግራሞች ፋይሎቹን በራሳቸው ምሥጢራዊ አደራደር ይጽፋሉ፤ ማውጫውንም በቴፑ ላይ ሳይሆን በኮምፒዩተሩ ያስቀምጣሉ። ኮምፒዩተሩ ሲጣል ማውጫው አብሮ ይጣላል።

ከዚህ ይልቅ ታር የተባለው አሮጌ አጻጻፍ ሥርዓቱ በግልጽ የታወቀ ስለ ሆነ ማንም ሊፈታው ይችላል፤ ጉድለቱ አንዱን ፋይል ለማግኘት ቴፑን ከመጀመሪያው ጀምሮ ማንበብ ማስፈለጉ ነው። ከኤል ቲ ኦ አምስተኛ ትውልድ ጀምሮ በ2010 የመጣው ኤል ቲ ኤፍ ኤስ ደግሞ ማውጫውን በዚያው ቴፕ ላይ ስለሚጽፍ ቴፑ እንደ ዲስክ ይከፈታል፤ ሥርዓቱም የተገለጸ ነው። ለአዲስ ቅጂ ይህን እመርጣለሁ፤ ለአሮጌዎቹ የኤል ቲ ኦ ትውልዶች ግን ከታር የተሻለ የለም። በመኪናው ውስጥ ያለው መጭመቂያ ለድምፅ ፋይል የሚሰጠው ጥቅም ትንሽ ነውና ቢዘጋ ይሻላል። የቴፑ ትውልድ፥ የፕሮግራሙ ስምና የተጻፈበት የብሎክ መጠን በካሴቱ ሽፋን ላይ በቀለም ካልተጻፈም ተከታዩ ትውልድ በግምት ይደክማል።

፮. ከካማሺ ሲታይ

እስከዚህ ድረስ የተናገርሁት ለማንኛውም ቤተ መዛግብት የሚስማማ ነው። በካማሺ ወረዳ ትምህርት ቤት ወይም የባህል ጽሕፈት ቤት ሆኖ ለሚያየው ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። የኤል ቲ ኦ መኪና ተስማሚ ኮምፒዩተር፥ የማይቋረጥ ኤሌክትሪክና የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። ቴፑም ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ከ16 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀትና ከ50 በመቶ የማይበልጥ እርጥበት ይሻል፤ የቆላው ሙቀትና የክረምቱ እርጥበት ለዚህ አይመቹም። ስለዚህ ዋናው ቅጂ በካማሺ ይቀመጥ ማለት ክሩን ለጥፋት መስጠት ነው።

ዋናው ቅጂ በአዲስ አበባ ብቻ ይቀመጥ ማለት ደግሞ ድምፁን ከሰሚው መለየት ነው። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ በካማሺ ዞንና በአዋሳኝ ወረዳዎች የተነሣው ግጭት እጅግ ብዙ ሰዎችን ከመኖሪያቸው አፈናቅሏል፤ በ2013 ዓ.ም. የሰዳል ወረዳ በታጣቂዎች እጅ ወድቆ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ መንገዱ ይቋረጣል፤ ቀረጻውን ሰምቶ ተናጋሪው የማን ልጅ እንደ ሆነ፥ የተጠራው ወንዝ የትኛው እንደ ሆነ፥ ዘፈኑ በየትኛው ሥርዓት እንደሚዘፈን ሊነግረን የሚችለው ሽማግሌም ይበተናል ወይም ያርፋል። ያ ሰው ካለፈ በኋላ ፋይሉ አንዲት ቢት ሳትጎድልበት ቢገኝ ምን ይጠቅማል?

በዚህ ረገድ የብራና መጻሕፍቱ ማይክሮፊልም ታሪክ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1973 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንና በሚኔሶታ የሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት በትብብር የጀመሩት ሥራ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን በፊልም አንሥቷል። ቅጂው በአዲስ አበባም በሚኔሶታም ተቀመጠ። ፊልም በብርሃንና በመስተዋት ስለሚነበብ መኪናው አይጠፋበትም። ከዚህም በላይ ግዕዝ የሚያውቁ ሊቃውንት በሁለቱም ቦታ ነበሩ፤ ዶክተር ጌታቸው ኃይሌ በሚኔሶታ ተቀምጠው የብዙዎቹን ዝርዝር ማዘጋጀታቸው የታወቀ ነው። እንግዲህ ፊልሙ ሩቅ አገር በሄደ ጊዜ አንባቢው ዐብሮት ሄዷል። የጉሙዝኛው ቴፕ ሲሄድ ግን አንባቢው በካማሺ ቀርቷል። የመያዣው ዓይነት የቱንም ያህል ቢሻሻል ይህን ልዩነት አይሞላውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ማውጫውም ራሱ ፎርማት ነው። በቀድሞ ጽሑፎች ጉሙዞችና ሌሎች የምዕራብ ሕዝቦች «ሻንቅላ» በሚለው የንቀት ስም በጅምላ ይጠሩ ነበር። በዚህ ስም የተመዘገበ ድምፅ ቢኖር አንድ የካማሺ ተማሪ የራሱን ሕዝብ ስም ጽፎ ሲፈልገው አያገኘውም፤ ለእርሱ ያ ቴፕ እንደ ጠፋ ነው። የቀድሞው ጽሑፍ የዘመኑ ማስረጃ ስለ ሆነ አይፋቅ፤ ነገር ግን ሕዝቡ ራሱን የሚጠራበት ስም፥ የወረዳውና የተናጋሪው አነጋገር ከጎኑ ይጻፍ።

፯. ፍርድ

በእኔ አስተያየት ለአንድ ሥራ አንድ ፎርማት ከመፈለግ ይልቅ ሥራዎቹን መለየት ይገባል። ለመጠበቅ፥ ያልተጨመቀው ፋይል በኤል ቲ ኤፍ ኤስ በሁለት ቴፖች ተጽፎ አንዱ በአዲስ አበባ፥ ሁለተኛው በሌላ ከተማ ይቀመጥ፤ መኪናው ከገበያ ሳይወጣም ወደሚቀጥለው ትውልድ ይዛወር። ለአሶሳ፥ ዩኒቨርሲቲው ባለበት፥ ያው ፋይል በሃርድ ዲስክ ይቀመጥ። ለካማሺና ለያሶ ደግሞ በተራ ኮምፒዩተርና በስልክ የሚከፈት፥ ቢጨመቅም የማያስነውር ቅጂ ይሰጥ። የካማሺው ቅጂ በሙቀት ወይም በሌላ አደጋ ሊጠፋ እንደሚችል አስቀድሞ ታውቆ የሚሰጥ ነው፤ ከዋናው እንደ ገና ይታደሳልና። የመጨረሻው ቅጂ ግን እርስ በርሱ ተነጻጽሮ ሳይረጋገጥ ማንኛውም አሮጌ ክር አይጣል።

የሚቃወመኝ ሰው ሊያነሣው የሚችለው ጠንካራ ክርክር አለ። በቴፖቹ ላይ የደም ጠብ፥ የዳኝነትና የምሥጢራዊ ሥርዓት ቃል ሊኖር ይችላል፤ ይህን በየስልኩ መበተን ያለፈውን ቂም ሊቀሰቅስ ይችላል። ይህ እውነት ነው፤ ስለዚህ የትኛው ቅጂ ለማን እንደሚሰጥ ከተናጋሪዎቹ ወይም ከዘመዶቻቸው ጋር በየቀረጻው መወሰን አለበት። ነገር ግን ይህን ለመወሰንም እንኳ አስቀድሞ ድምፁን ማሰማት ግድ ነው። ክርክሩ ቅጂው ወደ ካማሺ እንዳይሄድ አያደርገውም፤ እንዴት እንደሚሄድ ብቻ ይወስናል።

ጉሙዝኛ ዛሬ በክልሉ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይሰጣል። በዚያ ክፍል የሚቀመጠው ልጅ የአያቱን ንግግር ሰምቶ ቃናውን ሊያርም፥ ያልታወቀውን ቃል ከሽማግሌ ጠይቆ ሊያመጣልን ይችላል። ስለ ፎርማት የሚመክሩ ሁሉ ስለ ቴፑ ስፋትና ዕድሜ ከመጠየቃቸው በፊት ድምፁ ለዚህ ልጅ በምን መንገድ እንደሚደርሰው ቢጠይቁ፥ የቀሩት ምርጫዎች ብዙዎቹ ራሳቸው የሚቃለሉ ይመስለኛል። በዚህ ጽሑፍ የሳትሁት ቢኖር የሙያው ባለቤቶች እንዲያርሙኝ እለምናለሁ።